ኮምፒዩተሩ እምቢ አለ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው፣ ከፍኖተ ሰላም ወጥቶ ቡሬ ሳይደርስ ማንኩሳን ያገኛታል። አብዛኛው መንገደኛ በአውቶቡሱ መስኮት አይቷት ያልፋል። መጽሐፍ የሚወድ ከሆነ ግን «ይቺ ናት እንዴ የበዛብህ አገር!» ብሎ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው በክርኑ ጎሸም ያደርጋል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ስሟን ያልሰማ አንባቢ የለም። እኔ የተወለድኩት እዚያው ነው። አዲስ አበባ ላይ «አገርህ የት ነው?» ተብዬ «ማንኩሳ» ስል የሚከተለው ጥያቄ ሁልጊዜ ስለ ሰብለ ወንጌል ነው። ስለ በርበሬውና ስለ በቆሎው የጠየቀኝ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

እኔም ዛሬ የማወጋው ስለ ፍቅር አይደለም። ሙያዬ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ነውና ወጌ ስለ «ከሆነ» እና ስለ «አለበለዚያ» ነው። በቆሎው ግን መግባቱ አይቀርም።

በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ለአንድ ዘመዳችን ተዝካር ወደ አገር ቤት ሄድኩ። ያደርኩት አክስቴ ቤት ነበር። አክስቴ የአባቴ እህት ናት፤ እናቴ ታማ በነበረበት ጊዜ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባሏ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ማታ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ፣ ረከቦቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ኮምፒዩተር የሚሉት ነገር ሰው ይጠላል እንዴ?» አለችኝ።

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ነገሩን ከሥሩ ስታጫውተኝ፣ ለካስ ለክረምቱ የዘርና የማዳበሪያ ብድር ለመጠየቅ ወደ አበዳሪው ድርጅት ሄዳ ኖሯል። ዓምና ወስዳለች፤ ካቻምናም ወስዳለች፤ ሁለቱንም በጊዜው ከፍላለች። የብድር ሠራተኛው ጨዋ ልጅ ነው፤ አስቀምጧታል፤ ስሟንና የተወለደችበትን ዓመት ጠይቆ ጽፏል። ከዚያ መስኮቱን ሲያይ ቆየና «እማማ፣ ኮምፒዩተሩ እምቢ አለ» አላት። «ለምን?» ብትለው «እሱን አይነግረንም» አላት። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባች። እሱም ያንኑ መስኮት አየና ያንኑ ደገመላት።

«የሰው ምቀኛ አውቃለሁ» አለች አክስቴ። «ዛሬ ባይሰጠኝ ነገ ሽማግሌ ልኬ እጠይቀዋለሁ። በደል ካለብኝ በደሌን ይነግረኛል። ይኼኛው ዘንድ ማንን ልላክ?»

ብድሩን ስታጣ ጊደሯን ሸጠች። በብሩ ከሚያስፈልጋት ማዳበሪያ ግማሹን ገዛች።

የድርጅቱን ስም ጠየቅኋት። ስትነግረኝ ምላሴ ደረቀ። ያን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። (ድርጅቱን እዚህ ላይ በስም አላነሳውም፤ ጥፋቱ ሲመዘን ግማሽ በግማሽ ነው፣ ምናልባትም የእኔው ይከብዳል።) ያን ዕለት ማታ አልነገርኳትም። ቡናው ሦስተኛው ደረሰ፤ ጠጣሁ፤ ተኛሁ ለማለት ግን አልደፍርም።

ፕሮግራም ጽፎ የማያውቅ አንባቢ ትንሽ ይታገሰኝና ነገሩን ላስረዳ። ኮምፒዩተር የሚፈርደው በ«ከሆነ» ነው። አመልካቹ ያልከፈለው ዕዳ ያለበት ከሆነ ከልክል፤ አለበለዚያ ወደሚቀጥለው እለፍ። የመሬት ደብተር ያለው ከሆነ ቀጥል፤ አለበለዚያ ዋስ ጠይቅ። በ2008 ዓ.ም. ሥራውን ስጀምር እንዲህ ያሉት ሁኔታዎች ስምንት ወይም ዘጠኝ ብቻ ነበሩ፤ በአንድ ገጽ ይሰፍራሉ፤ ማንም አንብቦ ይረዳቸዋል። ከዚያ ስልኬ መጮህ ጀመረ። «የቢ ኤች 660 ዘር የሚወስድ ሰው ዩሪያ ሳይወስድ እንዳያልፍ አድርግልን።» እሺ። «በቡድን የተበደሩት አንዱ ካልከፈለ ሌሎቹም ይታገዱ።» እሺ። «አይ፣ እሱ ቡድናቸው ከአምስት በላይ ከሆነ ብቻ ነው።» እሺ። ሁልጊዜ የሚደወለው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሁልጊዜም «ለሰኞ ይድረስልን» ነው። እኔም በ«ከሆነ» ውስጥ ሌላ «ከሆነ» እከታለሁ፤ እሱ ውስጥ ደግሞ ሌላ። መጨረሻው ጉዳይ ለማስፈጸም አንድ መሥሪያ ቤት ገብተን እንደምናውቀው ዓይነት ሆነ፤ አንዱ በር ወደ ሌላው በር ይልክሃል፤ ሦስተኛው በር ጋ ስትደርስ ለምን እንደመጣህ ራስህም ትረሳዋለህ።

በሁለት ዓመት ውስጥ ያ አንድ ገጽ ከ400 መስመር በላይ ወጣው። ከ400 መስመር በኋላ የሚወጣው መልስ ደግሞ አንድ ቃል ነው፤ እሺ ወይም እምቢ። ምክንያቱን እንዲጽፍ ያላደረግሁት ስለሚከብድ አልነበረም። «ለምን» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ያዘዙኝ ሰዎች የሚፈልጉት መልሱን ነበር። ምክንያቱን የሚፈልጉት ሰዎች ከእኔ ጋር ስብሰባ አይቀመጡም።

አዲስ አበባ ተመልሼ 400ውን መስመር ከላይ እስከ ታች ወረድኩበት። የተበዳሪዎችን መዝገብ የማየት ፈቃድ ስላልነበረኝ በእጄ ያለው «ከሆነ»ው ብቻ ነው። ከብዙ ፍለጋ በኋላ «አገኘሁት!» አልኩ። የቤተሰብ ኃላፊው ስም ከአመልካቹ ስም ጋር ካልገጠመ ከልክል የሚል መስመር ነበር። የአክስቴ ባል ሞቷል፤ መዝገቡ ላይ ያለው ገና የእሱ ስም ይሆናል፤ ስለዚህ የባሏ መሞት አስከልክሏታል ማለት ነው። እንዴት ያለ ግፍ ነው ብዬ ተናደድኩና መስመሩን አስተካክዬ ላክሁ። ለአክስቴም ስልክ አስደውዬ «የሚያውቁኝ ሰዎች አሉ፣ አነጋግሬያቸው ተስተካክሏል፤ ለሚመጣው ዓመት ችግር የለም» አልኳት። መረቀችኝ። ምርቃቱን ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

ይሁንና ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። ወደዚህ «ሩል ኢንጂን» ወደሚባል ነገር የመራኝ እሱ ነው። ባማርኛ የደንብ ሞተር ልንለው እንችላለን፤ ሐሳቡ ግን ከስሙ ይቀላል። ሁኔታዎቹን ከፕሮግራሙ ሆድ አውጥተህ ለብቻቸው፣ አንድ በአንድ፣ ሰው በሚያነበው ቋንቋ ትጽፋቸዋለህ። ፕሮግራሙ ደንቡን በሆዱ አይዝም፤ ሲፈለግ ያነበዋል እንጂ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ «ማይሲን» የሚባል ፕሮግራም ተሠርቶ ነበር። በባክቴሪያ ሳቢያ የሚመጣ የደም ሕመም ያለበት ሰው የትኛው መድኃኒት እንደሚገባው ለሐኪሞች የሚያማክር ነው። ወደ 600 የሚደርሱ የ«ከሆነ» ደንቦች ነበሩት። እኔን የገረመኝ ምርመራው አይደለም። ሐኪሙ በመሐል «ለምን ይህን ትጠይቀኛለህ?» ብሎ ሲጽፍለት፣ ማይሲን የሚከተለውን ደንብ አውጥቶ ያሳየው ነበር። እንግዲህ እኔ ከመወለዴ በፊት የተሠራ ፕሮግራም «ለምን» ለሚለው መልስ ነበረው፤ የእኔው አልነበረውም። ማይሲን በሐኪም ቤት የዕለት ተዕለት ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ፤ ዘሩ ግን በዛ። በዚያው ዘመን ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ቻርልስ ፎርጂ ደንቦች በሺህ ሲቆጠሩ ሁሉንም ደጋግሞ መፈተሽ እንዳያስፈልግ የሚያደርግ ስልት ፈለሰፈ። ስሙን «ሬቴ» አለው፤ በላቲን መረብ ማለት ነው። ባንኮችና የመድን ድርጅቶች የሚጠቀሙባቸው እንደ «ድሩልስ» ያሉ ትልልቅ ሞተሮች የተሠሩት በዚያ ስልት ላይ ነው።

እኔ ግን ደንቦቼን ብቆጥራቸው 37 ናቸው። ለ37 ደንብ ድሩልስን መትከል አንድ ቁና በቆሎ ለማስፈጨት ሲኖትራክ መከራየት ነው። ማርቲን ፋውለር የሚባል ስመ ጥር የሶፍትዌር ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2009 በጻፈው አጭር ጽሑፍም፣ ደንቦች ሲበዙና አንዱ ሌላውን መቀስቀስ ሲጀምር ማን ምን እንዳስከተለ መለየት እንደሚያስቸግር አስጠንቅቆ፣ ለጠባብ ሥራ ትንሽ ሞተር ይሻላል ይላል። ይህንኑ ሐሳብ ተከትሎ የተሠራ «ኢዚ ሩልስ» የሚባል ቀላል ላይብረሪ አለ፤ በጃቫ የተጻፈ ነው፤ ማንም በነፃ ወስዶ ከራሱ ፕሮግራም ጋር ያያይዘዋል። (ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ አዲስ ነገር አይጨመርበትም፤ የሚደረግለት ጥገና ብቻ ነው። እኔ ስጠቀምበት ግን ገና በደህናው ጊዜው ነበር።)

አሠራሩ ይኸው ነው። በአንድ ወገን መረጃውን ታቀርብለታለህ፤ ዕድሜ፣ ዕዳ፣ የመሬት ስፋት። በሌላ ወገን ደንቦቹን ታቀርብለታለህ፤ እያንዳንዱ ደንብ ስም፣ መግለጫ፣ የቅድሚያ ቁጥር፣ ሁኔታና ድርጊት አለው። ሞተሩ በቅድሚያቸው ተራ እያነሳ «ሁኔታው ተሟልቷል ወይ?» ይላል። ከተሟላ የታዘዘውን ይፈጽማል፤ ካልተሟላ ያልፋል። ደንብ ሲለወጥ የምትነካው አንዱን ደንብ እንጂ ፕሮግራሙን አይደለም።

ይህን ሳነብ ትዝ ያሉኝ የኔታ ናቸው።

የኔታ ማንኩሳ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ያስተምሩ ነበር። እኔ ገና ዳዊት ላይ ሳለሁ ትልልቆቹ ተማሪዎች ባሕረ ሐሳብ ይማራሉ። ከዳር ሆኜ ስሰማ አይተውኝ «ይኼ ቁጥር ይገባዋል» ብለው አስጠጉኝ። ባሕረ ሐሳብ አጽዋማትና በዓላት በየትኛው ቀን እንደሚውሉ የሚታወቅበት ቀመር ነው፤ ትውፊቱ ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ከድሜጥሮስ ጋር ያያይዘዋል። እኛ ወረቀት አልነበረንም፤ የምንቆጥረው ባቄላ መሬት ላይ እየደረደርን ነው።

የያዝነውን የ2018ን እንመልከት። 5500 ስትጨምርበት 7518 ይሆናል፤ ዓመተ ዓለም ይባላል። ለ4 ስታካፍለው 2 ይተርፋል፤ ዘመነ ማርቆስ ነው። ለ19 ስታካፍለው 13 ይተርፋል፤ መደብ ነው። ከዚያ አንድ ስታነሳ 12፤ ወንበር ነው። 12 ጊዜ 19፣ 228፤ ለ30 ስታካፍለው 18 ይተርፋል፤ መጥቅዕ ነው። እስከዚህ ሒሳብ ነው፤ «ከሆነ» የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። መጥቅዕ ከ14 በላይ ከሆነ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ይውላል፤ ከ14 በታች ከሆነ በጥቅምት ይውላል። የእኛው 18 ነውና መስከረም 18፤ ቀኑ እሑድ ነበር። የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ 18 እና 7፣ 25። በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ውሎ ድምሩ ከ30 ካላለፈ ነነዌ በጥር ነው፤ ካለፈ 30ው ተቀንሶ ወደ የካቲት ይሻገራል። የእኛው አላለፈምና ነነዌ ጥር 25። ከዚያ 69 ቀን ስትቆጥር ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ላይ ያርፋል። ማንኩሳ የተማረውም አክሱም የተማረውም፣ ሳይተያዩ፣ እዚያው ቀን ላይ ይገናኛሉ።

አንድ ቀን የኔታን «መጥቅዕ 14 ቢሆንስ?» አልኳቸው። ከ14 በላይና ከ14 በታች ተባለ፤ 14 ራሱስ የት ይግባ? ትልልቆቹ ሳቁ። የኔታ አልሳቁም፤ «ቁጠር» አሉኝ። ወንበር ከባዶ እስከ 18 ድረስ 19 ዓይነት ነው። ባቄላዬን ይዤ ከዋርካው ሥር ተቀምጬ 19ኙንም አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። 30፣ 19፣ 8፣ 27፣ 16፣ 5... እያለ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ጨረስኩ። 14 የለም። ሄጄ «የለም» ስላቸው «እኛም ያልነው ይኸንኑ ነው» አሉኝ። ዛሬ በሙያዬ ጀማሪዎችን ሳሠለጥን ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ «ከዚህ በላይ» ስትል እኩል የሆነውስ ወዴት ይሄዳል? አብዛኛው ስህተት የሚደበቀው እዚያች ላይ ነው።

ሌላም ነገር ነበራቸው። ተማሪው መልሱን ብቻ ይዞ ሲመጣ አይቀበሉም። «ነነዌ ጥር 25 ነው» ካልካቸው በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው «መንገዱን!» ይላሉ። መደቡን፣ ወንበሩን፣ መጥቅዑን፣ ተውሳኩን በቅደም ተከተል ካላወረድክ መልስህ ትክክል ቢሆንም አልመለስክም።

እንግዲህ የ400ውን መስመር ወደ 37 ደንብ ስለውጥ የወሰንኩት ይህን ነው፤ ፕሮግራሙ «እምቢ» ሲል መንገዱን ይናገር። የትኛው ደንብ እንደያዘው፣ በየትኛው መረጃ እንደያዘው፣ በወረቀት ታትሞ ለአመልካቹ ይሰጥ። ድርጅቱ መጀመሪያ አልወደደውም። «ምክንያቱን ካወቁ ይከራከሩናል» ያለኝ ሰው ነበር። ሐቀኛ ሰው ነው፤ ሌሎቹ ያሰቡትን እሱ ተናገረው። በመጨረሻ «የብድር ሠራተኞቻችሁ ከስድብ ይድናሉ» የሚለው ክርክሬ አሸነፈ።

ከሠራተኞቹ ጋር ተቀምጬ ደንቦቹን አንድ በአንድ ጮክ ብለን አነበብናቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ሁለት ሳምንት የተማርኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሁለት ደንቦች እርስ በርሳቸው ሲጣሉ ተገኙ፤ አንዱ «ዋስ ያለው ይለፍ» ሲል ሌላው ያንኑ ሰው «ይከልከል» ይላል። በድሮው ፕሮግራም ጠቡ ያልታየው አንዱ ከላይ ስለተጻፈ ብቻ ነው። የሞተ ደንብም አገኘን። አንድ ጊዜ በመላ አገሪቱ ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ይመከር እንደነበር የሚያውቅ ያውቃል፤ አፈሩ ቀይ ይሁን ጥቁር፣ ኖራ የሚፈልግ ኮምጣጣ ይሁን አይሁን አይጠይቅም። ዳፕ በኤን ፒ ኤስ ከተተካ በኋላም የእኔ ፕሮግራም «ዳፕ የወሰደ ከሆነ» እያለ ዳፕ የሚወስድ ሰው ይጠብቅ ነበር። ከድሮ መመሪያ ገልብጬው ኖሯል። አንድ የብድር ሠራተኛ «ምስኪን፣ ማን ይንገረው?» ስትል ሁላችንም ሳቅን።

ምንም ደንብ ያልነካው ሰው ሲመጣስ ምን እናድርግ የሚለው ጥያቄ ግማሽ ቀን ፈጀ። ሥራ አስኪያጁ ይከልከል አሉ። ይለፍም ያለ ነበር። «ወደ ሰው ይመራ» በሚል ተስማማን።

ከዚያ ባሕረ ሐሳቡም ላይብረሪውም ያልነገሩኝን አንድ ነገር ጨመርኩ። በእያንዳንዱ ደንብ መግለጫ ሥር «ያዘዘው» እና «የታዘዘበት ቀን» የሚሉ ሁለት ክፍት ቦታዎች አስገባሁ፤ አስሞላኋቸውም። የ36ቱ ተሞላ። የአንዱን የሚያውቅ ጠፋ። «ከአመልካቹ ዕድሜ 65 በላይ ከሆነ ይከልከል» የሚለው ነበር። ቅርንጫፉ «ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው» አለ፤ ዋናው መሥሪያ ቤት «ቅርንጫፎቹ ጠይቀውን ነው» አለ። እኔ በየትኛው ዓርብ እንደጻፍኩት አላስታውስም። ባዶውን ትቼ አለፍኩ።

ግንቦት 2011 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። በሁለተኛው ሳምንት ስልኬ ጮኸ፤ የአክስቴ ልጅ ነው፤ ወዲያው አክስቴ ነጠቀችው።

«አንተ ልጅ፣ ዘንድሮም እምቢ አለኝ። ግን ወረቀት ሰጡኝ።»

ልጁ አነበበልኝ። «ደንብ 12። የዕድሜ ጣሪያ። የአመልካች ዕድሜ 67። ከፍተኛው 65።»

«ስልሳ ሰባት?» አለች አክስቴ ከኋላ። «ማናት እሷ? በ60ው የግብር ጠብ ጊዜ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ጥጃ ጠባቂ ነበርኩ! አባቴ ጫካ ሲገባ ስንቁን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። እስቲ አንተ የተማርከው ቁጠረው።»

ጎጃም በእርሻ ገቢ ግብር ሳቢያ የታወከው በ1960 ዓ.ም. ነው። ስምንት ሲቀነስ፣ 1952። ከ2011 ላይ 1952 ሲነሳ 59 ነው። 67 ከየት መጣ?

መልሱን ለማግኘት እስክሪብቶ አላስፈለገኝም። ኮምፒዩተር ካልተነገረው በቀር ዓመቱን የሚቆጥረው በፈረንጆች ነው፤ ለእሱ ዓመቱ 2019 ነበር። የብድር ሠራተኛው የጻፈው ደግሞ አክስቴ የነገረችውን 1952ን ነው። 2019 ሲቀነስ 1952፣ 67። በ2009 ግንቦት ላይ 65 አደረጋት፤ ደንቡ «ከ65 በላይ» ነውና አለፈች። በ2010 ላይ 66 አደረጋትና ያዛት። ዓምና ሰጥቶ ዘንድሮ የከለከላት ለዚህ ነው። የባሏ ስም የነበረበት መስመር ምንም አላደረጋትም። እኔ በኩራት ያስተካከልኩት ሌላ ነገር ነበር፤ ምርቃቱንም የተቀበልኩት በውሸት ነው። ከዋርካው ሥር ዓመተ ዓለም ስቆጥር ያደግሁ ሰው በሁለት ዘመን አቆጣጠር መካከል ወድቄ የገዛ አክስቴን ስምንት ዓመት አስረጀኋት።

አዲሱ ሞተርም ቢሆን ስህተቱን አላገኘውም። ደንቡ ትክክል ነበር፣ መረጃው ሐሰት፤ ሐሰቱን መረጃ ይዞ በንጹሕ ልብ ፈረደ። ያገኘችው እሷ ናት፤ ያገኘችውም ወረቀቱ ላይ 67 የሚል ስለተጻፈ ነው።

«እትዬ» አልኳት፤ «ያን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። የዓምናውንም።»

ስልኩ ዝም አለ። ካርዱ ያለቀ መስሎኝ «ሃሎ» ልል ስል፣

«እንግዲያ ጊደሯን የበላሃት አንተ ነሃ!» አለች።

ስህተቱን ማረም የወሰደብኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ ሌላ ሒሳብ መጣ። በ2010 ላይ በሐሰት ዕድሜ ሊከለከሉ የሚችሉት ከ1945 እስከ 1952 ባሉት ዓመታት የተወለዱ ናቸው። ድርጅቱ መዝገቡን አገላብጦ ዝርዝራቸውን እንዲያወጣ ለመንኩ፤ አወጣ። አንዳንዶቹ ተጠርተው ተነገራቸው። ግን ማዳበሪያ የሰኔ ነገር ነው፤ በመስከረም «ይቅርታ፣ ተፈቅዶልዎታል» ቢሉት ለምኑ ነው? ከዝርዝሩ ውስጥ ሁለቱን በመልክ አውቃቸው ነበር። አንዱ በልጅነቴ ከጓሯቸው እሸት በቆሎ የሰረቅኋቸው ሰው ናቸው።

በሚቀጥለው ዓመት ለገና ማንኩሳ ስሄድ ለአክስቴ 37ቱን ደንቦች አትሜ ወሰድኩላት። ማንበብ አትችልም፤ አነበብኩላት። እያንዳንዱን ስሰማ እንደ ዕድር ዳኛ አንገቷን ትነቀንቃለች። «ዕዳ ያለበት አይውሰድ» የሚለውን «ይገባል» አለች። በቡድን ስላለው ዕዳ «እሱስ ክፉ ነው፤ ግን ሌላ መላ የለውም» አለች። 12 ላይ ስደርስ እጇን አነሳች።

«ስልሳ አምስት ያለው ማነው?»

«አይታወቅም። ቦታው ባዶ ነው።»

«ሰው ሳይለው ተጻፈ?»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያለው ማን እንደሆነ ነው የጠፋኝ።»

ትንሽ አሰበች። ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች።

«እኔ በእውነቱ ስልሳ አምስት የሚሞላኝ መቼ ነው?»

«በ2017።»

«እንግዲያ ጊዜ አለህ» አለች። «እስከዚያ ፈልገህ አግኘው።»

ፈልጌ ነበር። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ ሌላ ፕሮግራም ገዛ፤ የእኔው ተነሳ። የኔታም ዐረፉ። 37ቱ ደንቦች በአሮጌው ላፕቶፔ ውስጥ አሉ፤ አንዳንዴ ከፍቼ አነባቸዋለሁ። ደንብ 12 ሥር «ያዘዘው» ከሚለው ቃል ቀጥሎ አሁንም ምንም የለም። አክስቴ ዘንድሮ በእውነት 66 ዓመት ሞላት።